የአባቴ አወዳደቅ

ጌም የምትጫወቱ አንባቢዎች የምለው ቶሎ ይገባችኋል። ለማትጫወቱት ቀስ ብዬ አስረዳለሁ፤ የደረሰብኝን ለመረዳት መጀመሪያ ጣቴ ምን ይወድ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ራህማ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት መካነ ሰላም ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሬ ስጨርስ ተመልሼ እዚያው ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። ከክፍል ስወጣ ጓደኞቼ ፊልም ያያሉ፣ እኔ ጌም እጫወታለሁ። የኳሱን ማለቴ አይደለም። የምወደው ፍልሚያ ያለበትን፣ ተዋጊውን ከጀርባው እያያችሁ የምትመሩትን ዓይነት ነው። ሴት ልጅ ምን አገባት የሚሉ አሉ፤ መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም።

የዚህ ዓይነት ጌም የሚጥመው በሥዕሉ ማማር አይደለም። ጥሙ ያለው እጃችሁ ላይ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ሰውየው ወዲያው ሊታዘዛችሁ ይገባል፤ ጥቂት ከዘገየ ዓይናችሁ ባያየው እንኳ እጃችሁ ያውቀዋል። ምቱ ሲያርፍ ሁሉም ነገር ለቅጽበት ቀጥ ማለት፣ ቁልፎቹ ያሉበት መጫወቻ፣ ጆይስቲኩም፣ መዳፋችሁ ውስጥ መንቀጥቀጥ አለበት። ለመምታት ሰንዝራችሁ ሐሳባችሁን ብትቀይሩና ሸርተት ብላችሁ ማምለጥ ብትፈልጉ፣ ጌሙ መንገድ ሊሰጣችሁ ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን የምትመቱት ሰው ክብደት ይኑረው። ክብደት ከሌለው የቱንም ያህል ብትደበድቡት ባዶ ጆንያ የምታራግፉ ነው የሚመስላችሁ።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ሳስረዳ የኖርኩት ለጀማል ነበር። ጀማል የጎረቤታችን ልጅ ነው። እናቱ አረብ አገር ስትሄድ ልጅ ስለነበር እኛ ቤት ነው የበላው፣ እኛ ቤት ነው ያደገው። ቁርአን ያስቀሩትም፣ ያስተማሩትም አባቴ ናቸው። ወንድም የለኝም፤ ወንድም ቢኖረኝ እንደ ጀማል ይሆን ነበር ብዬ ነበር የማስበው። አዲስ አበባ ገብቶ ከጥቂት ልጆች ጋር ጌም መሥራት ሲጀምር ከእሱ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ።

የሚሠሩት ጌም የተዘረፉ ከብቶቹን ፍለጋ ተራራ ለተራራ ስለሚሄድ ወጣት ነው። ልጁ መሣሪያ የለውም፣ ያለው ዱላ ብቻ ነው። ጀማል አዲስ ክፍል በሠራ ቁጥር ይልክልኛል፤ እኔ ተጫውቼ እጄ የተሰማውን እነግረዋለሁ። አንዴ ካሜራው ከልጁ ትከሻ በጣም ተጠግቶ ከጎን የሚመጣውን እንዳላይ እየጋረደኝ ነው አልኩት፤ አራቀው። አንዴ መከላከያው ይዘገያል አልኩት፤ አስተካከለው። በመጨረሻ የቀረው የተመቺዎቹ ነገር ነበር። ሲወድቁ ሰው አይመስሉም። ክብደት ይጎድላቸዋል ብዬ ጻፍኩለት።

ብዙም ሳይቆይ ደወለና ዱላ የሚያውቅ እውነተኛ ሰው መቅረጽ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሌላ ሰው አልፈልግም፣ አያ እንድሪስን ነው የምፈልገው አለ።

አያ እንድሪስ የሚባሉት አባቴ ናቸው። በወጣትነታቸው በዱላ ጨዋታ ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ ይባላል። እኔ የማውቃቸው ግን በሽምግልናቸው ነው። ወሰን የተጋፋ፣ ደም የተቃባ፣ ሚስቱን አስከፍቶ የሰደደ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ለመማታት የተሰለፉ ሁለት ቤተሰቦች መሀል ገብተው ሁለቱንም ዱላ ሲያስጥሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ስለ ጌሙ ስነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ። ዱላ የተውኩት ነገር ነው፣ በስተርጅና ለልጆች መሣቂያ አልሆንም አሉኝ።

ጀማል ራሱ መጣ። እግራቸው ሥር ተቀምጦ ሲያባብላቸው ዋለ። በመጨረሻ አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት።

«እዚያ ጨዋታ ውስጥ እኔ ማን ነኝ?»

«የልጁ አስተማሪ ነዎት። መምታት ሳይሆን መመከት የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።»

«አማና ነው?»

«ወላሂ፣ አማና ነው» አለ ጀማል።

አማና ማለት ለእኛ ቤት ቀላል ቃል አይደለም። በአደራ የተቀበልከውን እንደተቀበልከው ትመልሳለህ ማለት ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቁም።

ቀረጻው ግቢያችን ውስጥ ነበር። የሰውን እንቅስቃሴ ቀድተው ለጌሙ ሰው የሚሰጡ ትናንሽ መቅረጫዎች የተሰኩባቸውን ቀበቶዎች ጀማል ክንዳቸው ላይ፣ ወገባቸው ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ አሰረላቸው። ለቀረጻ የሚለበሰውን ጥብቅ ያለ ልብስ አባቴ እምቢ ስላሉ ከሸሚዛቸው በላይ ነው የታሰረው። አንገታቸው ሥር ደግሞ ድምፅ መቅጃ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር፤ እንዴት እንደሚመከት፣ እግር እንዴት እንደሚቆም አሳዩ፤ ደስ እያላቸው መሆኑን ከፊታቸው አየሁ። በማግስቱ ጀማል ይውደቁልኝ አላቸው። አስተማሪ መውደቅም ያስተምራል ብሎ አስረዳ። ጭድ ጎዝጉዘን በላዩ ፍራሽ ዘረጋን። በጀርባ ወደቁ፣ በጎን ወደቁ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ወደቁ። ግራ ጉልበታቸው የቆየ ሕመም አለው። ይብቃ ስለው ጀማል አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ይላል። እኔ ተቆጣሁ፤ አባቴ ግን ጀመርኩ አይደል ልጨርስ ብለው ዝም አሰኙኝ።

ከዚያ በኋላ ጀማል የጌሙን ክፍሎች መላክ አቆመ። ሲደወልለት አልቋል፣ በአንዴ ታይዋለሽ ይላል። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አሰብኩ።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ጌሙ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ የማሳየው ለአገሬ ልጆች ነው ብሎ ጀማል የከተማውን አዳራሽ ተከራየ። የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ ሁሉ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ተዘጋጅተው ነበር። ለሁለት ሽማግሌ ጓደኞቻቸው ኑ ልጄ ጀማል የሠራውን እንይ ብለው ነግረዋል። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እንመጣለን አሉኝና እኔ ጀማልን ለማገዝ ቀድሜ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ጀማል ብቻውን ፕሮጀክተር እየገጠመ ነበር። ሲያየኝ ፈገግ አለና አንቺ ሳትነኪው ማንም አይነካውም ብሎ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አኖረው። ደስ አለኝ። ግድግዳው ላይ ያ የማውቀው ልጅ ከጀርባው ታየ፤ ነጠላ ጫማ፣ ትከሻው ላይ ዱላ። ገደል አፋፍ ላይ ጭጋግ ነበር። ከድንጋይ ጀርባ አንድ ሽፍታ ወጣ፣ ፊቱን በሻሽ ሸፍኗል።

የዚያን ደቂቃ ስሜት መደበቅ አልፈልግም። በሕይወቴ እንደዚያ የሚጥም ፍልሚያ ተጫውቼ አላውቅም። ሽፍታው ዱላውን ሲያነሳ አየሁ፣ መከላከያውን ተጫንኩ፣ ሁለቱ ዱላዎች ተጋጩ፣ መዳፌ ነዘረ። ዞር ብዬ ከጎን መታሁት። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ፤ ከዚያ ሽፍታው ወደቀ። አወዳደቁ የሰው ነበር። መጀመሪያ ጉልበቱ ከዳው፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ክብደቱ መሬቱን አገኘው። ወዲያው ሁለተኛ ሽፍታ መጣ፤ እሱንም ጣልኩት። ሦስተኛውን ስጥል ሣቅኩ። እንዴት አደረግከው ልለው ወደ ጀማል ዞርኩ።

ያኔ ነው ድምፁን በትክክል የሰማሁት። ሽፍታው ሲወድቅ ከደረቱ የሚወጣ አጭር ትንፋሽ አለ፤ እህ የሚል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማፏጨት ያለበት። ያንን ትንፋሽ በየቀኑ እሰማዋለሁ። አባቴ ከሶላት ተነሥተው መደብ ላይ ሲቀመጡ የሚያሰሙት ነው።

ሌላ ሽፍታ መጣ። አልመታሁትም። አረማመዱን አየሁት። በግራ ጉልበቱ ትንሽ ያነክሳል።

ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሽፍታው ልጁን እየደበደበው ነበር፤ ጆይስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ይንቀጠቀጣል።

«ጀማል፣ ይሄ አባባ ናቸው» አልኩት።

አልካደም። ቀድሞ የተዘጋጀበት ይመስል ቶሎ ቶሎ ማስረዳት ጀመረ። የአስተማሪው ክፍል ተሠርቶ ነበር፣ ግን የሞከሩት ሰዎች ሁሉ ሰለቻቸው፤ ቶሎ ወደ ፍልሚያው መግባት ነው የሚፈልጉት። ለጌሙ ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ክፍሉ ይውጣ አሉ። አወዳደቁን ግን ሁሉም ወደደው። ፊታቸው ተሸፍኗል፣ ማንም አያውቃቸውም አለኝ። ቀጥሎ ያለው ነው እስካሁን ከጆሮዬ የማይወጣው።

«ክብደት ይጎድለዋል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? አሁን ክብደት አለው። ስትጫወቺ አይቼሻለሁ ራህማ፣ ወደሽዋል።»

እውነቱን ነው፤ ወድጄዋለሁ። ግን አባቴ አሁን እንደሚመጡ፣ ጓደኞቻቸውንም ይዘው እንደሚመጡ ነገርኩት። ደነገጠ። እንደማይመጡ ነበር የጠበቀው፤ አባቴ እንኳን ጌም ሊያዩ ቴሌቪዥንም አያዩም። አባቴን ከመቅረጹ በፊት የሠራቸው ሽፍቶች እንዳሉ፣ በእነሱ እንደሚተካቸው፣ ሥራው ቀላል እንደሆነ ነገረኝ። ለዛሬ አወጣዋለሁ፣ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን አለ። በር ላይ ቆሜ እንዲጨርስ ጠበቅኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ አየሁት። አመንኩት። አብረን ያደግን ልጅ ነው፤ ማመን ልማዴ ነበር።

ሕዝቡ ገባ። አብዛኛው ተማሪ ነው፤ ብዙዎቹን አስተምሬያቸዋለሁ። አባቴና ጓደኞቻቸው ሲመጡ ተማሪዎቹ ተነሥተው የፊቱን ወንበር ለቀቁላቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጀማል ማይክራፎን ይዞ አጭር ንግግር አደረገ። ላሳደጉኝ ለአያ እንድሪስ ምስጋና ይድረሳቸው አለ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ አባቴም ትንሽ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ አንድ ተማሪ ጆይስቲኩን ተቀበለ።

ገደሉ ታየ፣ ጭጋጉ ታየ። ከድንጋዩ ጀርባ ሽፍታው ወጣ። በግራ እግሩ ያነክሳል።

ወደ ጀማል ዞር አልኩ። ወደ ግድግዳው እያየ ነበር፤ ወደ እኔ አላየም። ያኔ ገባኝ። ምንም አልቀየረም። ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ያለው አባቴን ከበር እንዳልመልሳቸው እኔን ለማታለል ነበር።

ተማሪው ጎበዝ ነበር። መከተ፣ ዞረ፣ መታ። ሽፍታው ሲወድቅ አዳራሹ ጮኸ። በትልቁ ድምፅ ማጉያ ያ ትንፋሽ ግድግዳውን ሞላው። ሁለተኛውም ወደቀ፣ ሦስተኛውም። ልጆቹ ድምፁን መኮረጅ ጀመሩ፤ በወደቀ ቁጥር አዳራሹ ሁሉ አንድ ላይ እህ ይላል፣ ከዚያ ሣቅ ይከተላል።

የአባቴን እጅ ያዝኩና እንውጣ አባባ አልኳቸው። ቆይ አሉኝ ቀስ ብለው። ከምርኩዛቸው ላይ እጃቸውን ሳያነሡ ግድግዳውን ያያሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ባለጉዳዮች ሲናገሩ እንደሚያዳምጡት ነበር የሚያዩት። ከጓደኞቻቸው አንዱ ወደ አባቴ ጎንበስ ብለው ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ አሏቸው። አባቴ አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተማሪው ተራውን ለሌላ ሲለቅ አባቴ ተነሡ። አዳራሹ ሊናገሩ ነው ብሎ ፀጥ አለ።

«ጀማል፣ አስተማሪው የት አለ?» አሉ።

ጀማል ማይክራፎኑን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «በሚቀጥለው ክፍል ይመጣሉ አያ እንድሪስ» አለ።

እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋሻቸው። እኔ እውነቱን እንደማውቅ ያውቃል፤ እኔ እዚያ ተቀምጬ እየሰማሁት ነው የዋሸው። አባቴ እሺ ልጄ አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ፤ ጓደኞቻቸውና እኔም ተከተልን። ከበሩ ሳንርቅ አዳራሹ እንደገና እህ ሲል ሰማን።

ገበያውን ስናቋርጥ ሰላምታ ለሰጣቸው ሁሉ ቆመው ይመልሱ ነበር። ቤት ገብተን ውሃ ሳቀርብላቸው ነው ስለ አዳራሹ የተናገሩት። መውደቄ አላመመኝም አሉ። «የሣቁትን ልጆች አየሻቸው? የብዙዎቹን አባቶች እኔ ነኝ ያስታረቅኩት። ነገ ከመሀላቸው አንዱ ሲጣላ፣ ዱላህን ጣል ብለው ይሰማኛል?»

ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ውስጥ በአነካከሳቸው የለዩዋቸው ጎረምሶች በኋላቸው ያንን ድምፅ አሰሙ። አንድ ቀን በወሰን ጉዳይ ሽምግልና ተቀምጠው ሳለ፣ ከመቀመጫቸው ጉልበታቸውን ይዘው ሲነሡ ከተከሳሹ ወገን አንድ ወጣት ሣቀ። አባቴ ጉዳዩን ለሌላ ሽማግሌ ሰጥተው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሲጠሩ አሞኛል ይሉ ነበር። ቤት ውስጥም ሲቀመጡ ትንፋሻቸውን እንደሚይዙ አስተዋልኩ፤ ያ ድምፅ እንዳይወጣ ይጠነቀቃሉ። ጀማል የወሰደባቸውን ሳስብ የሚያቃጥለኝ ይሄኛው ነው።

ጀማል ራሱ አልመጣም። ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ልጁ ተጸጽቷል፣ አውፍ በሉት፣ ስጦታም ልኳል አሉ። አባቴ ስጦታውን ሳያዩት መለሱት። ይቅርታውን ግን ሰጡ። እኔ አውፍ ብዬዋለሁ፣ አሳድጌዋለሁና ልጄ ነው አሉ። ቀጥለው ሽማግሌዎቹ ያልጠበቁትን ተናገሩ።

«የቀረችው ራህማ ናት። ያመነችውን ሰው ነው ያጣችው። እሷን ጠይቁ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚህ ባለ ጉዳይ ሴት ልጅ ስትጠየቅ አይቼ አላውቅም ነበር። የምፈልገውን ነገርኳቸው። ጀማል ራሱ ይምጣ፤ እዚያው አዳራሽ፣ እነዚያው ልጆች ፊት ይቁምና የሚመጣ አስተማሪ እንደሌለ፣ ለአባቴ የገባው ቃል ምን እንደነበር በራሱ አፍ ይናገር። ሌላ አልፈልግም። ሽማግሌዎቹ ሚዛናዊ ነው ብለው ሄዱ። ከቀናት በኋላ የመጣው መልስ፣ ገንዘቡን ያወጡት ሰዎች እንደዚያ ያለ ነገር በአደባባይ እንዲናገር አይፈቅዱለትም የሚል ነበር።

አባቴን ወደ ሥራቸው የመለሳቸው የጀማል ይቅርታ አልነበረም። ከሩቅ፣ ከከላላ በኩል፣ በደም የሚፈላለጉ ሁለት ቤተሰቦች በቅሎ ጭነው ላኩላቸው። እነዚያ ሰዎች ጌሙንም አላዩም፣ ድምፁንም አልሰሙም፤ የሚያውቁት አያ እንድሪስን ብቻ ነው። አሞኛል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በቅሎዋን የሳበው ሽማግሌ ማልቀስ ጀመረ። ሄዱ። አስታርቀው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በአቅራቢያ ያሉትንም መቀበል ጀምረዋል፤ ግን ድሮ እንደነበረው አይደለም። ከመቀመጣቸው በፊት ማን ማን እንዳለ ዙሪያቸውን ያያሉ።

እኔ ጌም አልተውኩም፣ የተውኩ አስመስዬ አልነግራችሁም። ግን የሆነ ነገር ተለውጧል። በፊት ጥሩ ፍልሚያ ሳገኝ እጄን ብቻ ነበር የማዳምጠው፤ ቁልፉ ታዘዘኝ ወይ፣ ምቱ ከበደ ወይ፣ በቃ። አሁን የወደቀውን አያለሁ። ይሄን አወዳደቅ የወደቀው ማን ነው? ሲወድቅ ምን ብለውት ነበር? ተማሪዎቼንም ይህን እንዲጠይቁ አስተምራቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበሩና አንገታቸውን ይደፋሉ።

ይቅር በይ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አባቷ ይቅር ካሉ እሷ ማን ናት ትላላችሁ። አባቴ ይቅር ያሉት ያሳደጉትን ልጅ ነው። እኔን የከዳኝ ግን ሌላ ሰው ነው፤ እጄ የሚወደውን ነገር ሁሉ ከእኔው ተምሮ፣ በዚያው ያታለለኝ። ጌሙ ዛሬም ይሸጣል፣ ሰዎች ፍልሚያውን እንዴት እንደወደዱት ሲጽፉ አነባለሁ። ምን እንደወደዱ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አዳራሹ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ በፊቱ ባለፍኩ ቁጥር በሩ ክፍት መሆኑን አያለሁ። ጀማል አልመጣም።